የጉድጓድ ቆፋሪው ገመድ ያዥ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ።

ቆይ እንድሪስ፣ ዓይንህን አታፍጥጥብኝ። የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «ሼሃችን፣ ልጄ ዘይነባ ዐረብ አገር ከቀጠራት ሰውዬ ቤት ጠፍታ ወጥታለች። የላካት ደላላ ከሃዲ ናት ይለኛል፤ የሰፈሩም ሰው እንደዚያው። እውነት ልጄ ከሃዲ ናት?» ብለሃል። ጥያቄህ ከባድ ነው፤ እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ቆፋሪ ከጉድጓዱ ላውጣው። አንተም ጋቢህን ሰብሰብ አድርገህ ቁጭ በል።

ሰውዬው አገሩ ደረቅ አገር ነው። እዚያ ጉድጓድ ቁፋሮ የተከበረ ሥራ ነው፤ ወግም አለው። ቆፋሪ ብቻውን አይወርድም። ወገቡን በገመድ ይታሰርና የገመዱን ጫፍ አፋፉ ላይ ለሚቆም ሰው በገዛ እጁ ያስረክባል። ሲያስረክብ «ነፍሴን ያዝልኝ» ይላል። ያኛው «ይዣለሁ» ይላል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ገመድ ያዥ ነው። ገመድ ያዥ ቦታውን ጥሎ አይሄድም፣ አያንቀላፋም፣ ዝምም አይልም። ታች ላለው ሰው የሚታየው ሰማይ የእንስራ አፍ የሚያክል ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው። ከላይ ድምፅ ካልሰማ ይጨንቀዋል። ስለዚህ ገመድ ያዥ አፉ የመጣለትን ያወራል። ገመዱ ነቅነቅ ካለ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ይጎትታል። «ምን ሆንክ?» የሚባለው ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነው።

የዚህ ሰው ገመድ ያዥ ሚስቱ ነበረች። አትሳቅ እንጂ! እጇ የወንድ እጅ ያስንቃል፤ ምላሷማ አይጣል ነው። ጠዋት እሱ ሲወርድ እሷ እግሯን ተክላ ወሬዋን ትጀምራለች። የጎረቤት ፍየል አጥር ጥሳ ጎመኗን እንደበላች፣ የእህቷ ልጅ ጥርስ እንዳወጣ፣ እገሊት የሰርግ ልብስ ተውሳ አልመለሰችም፣ ሁሉንም ትነግረዋለች። መሀል ላይ «ትሰማኛለህ አንተ?» ትላለች። «እሰማለሁ ኧረ፣ ጆሮዬን በላሽው!» ይላል ከታች። እንዲህ ያጉረመርማል እንጂ፣ አንድ ቀን አሟት ወንድሟ ገመዱን ቢይዝለት እጁ ዶማ አልጨብጥ አለው። ጥቂት ሞካክሮ ወጣና ቤቱ ገባ። «ምነው ቶሎ መጣህ?» ብትለው «ጸጥ አለብኝ» አላት።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ውሃው ወደ ታች ሸሸ፤ ቢቆፍሩት ቢቆፍሩት አቧራ ነው። ሰዉም ጉድጓድ የሚያስቆፍርበት አቅም አጣ። ሰውዬው ቤት ተቀምጦ የልጆቹን ዓይን ማየት ሲያቅተው፣ «ታች ቆላ ሀብታም ከተማ አለ፤ ቆፋሪ ይፈልጋሉ አሉ። ወርጄ ልሥራ» አለ። ሚስቱ ስለ መንገዱ አልጠየቀችም፤ ስለሚከፈለውም አልጠየቀችም። «ገመድህን ማን ይይዝልሃል?» አለችው። «እዚያም ሰው አይጠፋም» አላት። ከልቡ ነበር ያላት።

የከተማው በር ላይ ዘበኛ አለ። ለሥራ የመጣ እንግዳ ሲደርስ «ገመድህን የሚይዘው ማን ነው?» ይላል። አንድ የከተማው ሰው «እኔ ነኝ» ካለ እንግዳው ይገባል፤ የሚል ከሌለ ይመለሳል። ከገባ በኋላ ግን ገመዱን የሚይዘው ያ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢነካበት እንደ ሌባ ይቆጠራል። ቆፋሪውም የሌላ ሰው ገመድ ይዞ ከወጣ ከሃዲ ተብሎ ይታደናል። ሕጉ ሲወጣ ለክፋት አልነበረም ይላሉ። ኃላፊ የሌለው እንግዳ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ እንዳይቀር፣ ተጠያቂ እንዲኖር ብለው ነው አሉ። ይሁን፣ እኔ ምን አውቃለሁ? የሰውን ነፍስ ለአንድ እጅ ብቻ ሲሰጡ ግን እጁ የማን እንደሆነ ቢያዩ ጥሩ ነበር። አላዩም።

አንድ ሀብታም ሰው «እኔ ነኝ» አለና አስገባው። መጥፎ ሰው አይመስልም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እራት አበላው፣ ፍራሽ አነጠፈለት፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር ጠየቀው። ጠዋት ቆፋሪው ወገቡን አሰረና የገመዱን ጫፍ በሁለት እጁ አቀረበ። «ጌታዬ፣ ነፍሴን ያዝልኝ» አለው።

ሀብታሙ ሳቀ። «እሺ እሺ፣ ውረድ» አለው።

ቆፋሪው ይህን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረው። ወጋችንን ባያውቀው ነው እንጂ ልቡ ያው ነው ብሎ ወረደ። እንድሪስ፣ ይህን ስህተት የሚሳሳተው ቆፋሪ ብቻ ነው። ገመድ የያዘ ሁሉ ወንድም ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ ገመድ ይዞ ወንድም የማይሆን አለ ብትለው አይገባውም። በቃ አይገባውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከላይ ድምፅ አልነበረም። ሀብታሙ አያወራም፤ ወንበር አስመጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ገመዱ ሲነቀነቅ «ቆይ፣ ትንሽ ጨምር» ይላል። ቆፋሪው ይጨምራል። ሲቆይ ሀብታሙ ገመድ የያዘ እጅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ገባው። «ምሳ ልብላ ብለህ ለምን ትደክማለህ? እልክልሃለሁ» አለና ምሳውን በቅርጫት፣ በቀጭን ሲባጎ ያወርድለት ጀመር። ቀጥሎ «ለመኝታስ ለምን ትወጣለህ? ታች ቀዝቃዛ ነው፣ ይሻልሃል» አለና ሣር ጣለለት። ቆፋሪው ስለ ደሞዙ ሲጠይቅ «ሥራው ሲያልቅ» ይለዋል። «እንግዲያው ሌላ ሰው ገመዴን ይያዝልኝና እርስዎም ይረፉ» ቢለው፣ «ሕግ አይፈቅድም። ደግሞ እኔ ባልኖር በር ላይ ትመለስ አልነበረም?» አለው። ቆፋሪውም እውነት ነው ብሎ አፈረ። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ያፈረው እሱ መሆኑ!

አንድ ቀን ሀብታሙ ገበያ ላይ ወሬ ሰማ። የእገሌን ቆፋሪ ሌላ ሰው አባብሎ ወሰደው ተባለ። ቀልቡ ተገፈፈ። እየሮጠ መጥቶ «ገመዱን ከወገብህ ፍታው፣ እርጥበት እያበሰበሰው ነው» አለው። ቆፋሪው ፈታለት። ሀብታሙ ገመዱን ወደ ላይ ሳበና ጠቅልሎ መኝታ ቤቱ ሰቀለው፤ በሩንም ቆለፈ። ለሰው ሲያወራ «ንብረቴን ጠበቅኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» ይል ነበር። እንቅልፉንም በሰላም ይተኛ ነበር፤ ይህን ከእኔ በላይ አላህ ያውቃል።

ቆፋሪው ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመረ። የሚያወራው የሚስቱን ወሬ ነው። ዶማውን እየጣለ እሷን ሆኖ «ትሰማኛለህ አንተ?» ይላል። እራሱ «እሰማለሁ ኧረ» ብሎ ይመልሳል። ጎመኑ ዘንድሮ በቅሎ እንደሆነ፣ ልጆቹ ምን ያህል እንዳደጉ፣ የማያውቀውን ሁሉ እየፈጠረ ለራሱ ያወራል።

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ልብስ አጣቢ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ እጇ በሳሙና የተላጠ፣ የጌቶችን አንሶላ አጥባ የምታድር ሴት ናት። የልብስ ማስጫ ገመዷ አጥሩን ታክኮ ያልፋል። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ ከመሬት ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማችና ደነገጠች። አጥሩን ተሻግራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አለች።

«አንተ! ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከሚስቴ ጋር ነው እማማ።»

«ምን? ሚስትህም እዚያ ውስጥ ናት?»

«የለችም። ወሬዋ ነው ያለው።»

ሴትዮዋ እርጥብ ልብስ እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስ ባሰጣች ቁጥር መጥታ ጥቂት ታወራዋለች። ወሬ አታውቅበትም፤ ስለ ሳሙናና ስለ ፀሐይ ነው የምታወራው። ለእሱ ግን ሰርግ ነበር። አንድ ቀን ሀብታሙን «ጌታው፣ ይህን ሰው ምናለ ብታወጡት?» አለችው። «ገመዱ የማን ነው?» አላት። «የእርስዎ» አለች። «እንግዲያውስ!» ብሎ ገባ።

ከሰነበተ በኋላ ሀብታሙ ለዘመድ ሰርግ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። በሄደ በማግስቱ ረፋዱ ላይ የቆፋሪው ዶማ አንድ ድንጋይ ነቀለና ውሃው ፈነዳ። ሰውዬው መጀመሪያ እንደ ልጅ ዘለለ። «ውሃ! ውሃ ወጣ!» እያለ ጮኸ፤ እየጠጣ፣ ፊቱን እየታጠበ፣ «አየሽ? አየሽልኝ?» ይላል ሚስቱን። ቀና ሲል የሚነቀንቀው ገመድ የለም። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። ወገቡ ደረሰ። ያኔ ጩኸቱ ሌላ ጩኸት ሆነ።

ልብስ አጣቢዋ ሰማች። ወደ መንገድ ሮጣ «የሰው ያለህ! ሰው ሊሞት ነው!» አለች። ወንዶች መጡ። መጡና አጥሩን ተደግፈው አዩ። «ገመዱ የማን ነው?» አሉ። «የጌታው ነው» አለች። «እንግዲህ እሱ ነው መምጣት ያለበት። እኛ ብንነካ ሌባ እንባላለን» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚጎዳቸውን ሕግ ፈርተው ነው።

ሴትዮዋ ትታቸው ሄደች። ወደ ግቢዋ ተመልሳ የልብስ ማስጫ ገመዷን ከሁለቱም ጫፍ ፈታችው። የጌቶች ነጭ አንሶላ ሁሉ ጭቃ ላይ ወደቀ። ገመዱን ደርባ ገመደችና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው።

«ያዝ! ወገብህን እሰር!» አለች።

ቆፋሪው ገመዱን ያዘ። ያዘና ቆመ። ውሃው ደረቱ ላይ ደርሷል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እማማ፣ እኔ ነፍሴን ለጌታው አስረክቤያለሁ» አለ። «በአገሬ ቆፋሪ ገመድ ያዡ ሳይለቀው የሌላ ገመድ አይታሰርም፤ ነውር ነው። በዚህ አገር ሕግም ከሃዲ እባላለሁ። ሚስቴ ባሌ ከሃዲ ነው ትበል?»

ሴትዮዋ ተናደደች። እንባዋ እየወረደ ተናደደች። «እሱ ሲያወርድህ ይዣለሁ ብሎሃል?»

ሰውዬው አሰበ። ውሃው ውስጥ ቆሞ አሰበ። «አላለም» አለ ቀስ ብሎ። «እሺ እሺ፣ ውረድ ነው ያለኝ።»

«ሚስትህ አሁን እዚህ ቆማ ብታይህስ ምን ትልህ ነበር?»

ከዚያ፣ እንድሪስ፣ ሰውዬው ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ። «‹አንተ ጅል፣ ውሃው አንገትህ ደርሶ ስለ ወግ ታወራልኛለህ? ውጣ!› ትለኝ ነበር» አለ።

«በል ስማት!»

ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ።

የአንዲት ሴት ጉልበት ሰው ከጉድጓድ አያወጣም። ሴትዮዋ ሳበች፣ እግሯ ተንሸራተተ፣ እንደገና ሳበች። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረችና «ከንፈራችሁን ተዉትና እጃችሁን አምጡ!» ብላ ጮኸች። «ገመዱ የማን ነው?» ያለ አሁንም አልጠፋም። «የእኔ ነው! የልብስ ማስጫ ነው! በልብስ ማስጫም ሕግ ወጥቷል?» አለች። አንድ ሸክም ተሸካሚ ሳቅ አመለጠውና አጥሩን ዘሎ መጣ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ተከተለ። ጎተቱት።

ሰውዬው ሲወጣ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኑን አላስገልጥ አለው፣ ጀርባውም አልቀና አለ። ሴትዮዋ ከወደቁት አንሶላዎች አንዱን አንስታ አለበሰችው። ጓዳዋ አስገብታ ደበቀችው፤ አጃ አፍልታ እያጠጣች ስለ ሳሙናና ስለ ፀሐይ አወራችለት።

ሀብታሙ ከሰርግ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ጥሩ የሚጠጣ ውሃ ሞልቶ አገኘ። ውሃውን አላየውም። «ሰው ሰረቁኝ! ከዳኝ!» እያለ ከተማውን አመሰ፤ የቆፋሪውንም ስም ለበሩ ዘበኛ ነገረ። እስከ ዛሬ በዚያ ከተማ ያ ቆፋሪ ከሃዲ ነው የሚባለው። ከዚያው ውሃ እየጠጡ ነው የሚሉት። ደሞዙም ቀረ። ፈራጅ መጥቶ እውነቱን አወጣለት ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን አልመጣም።

ወሬው በነጋዴዎች በኩል አገሩ ደረሰ። ለሚስቱ «ባልሽ ያስገባውን ሰው ገመድ ጥሎ ከዳ» አሏት። ሚስትየዋ ይህን ሰምታ ምን አለች መሰለህ? «በሕይወት አለ?» አለች። «እሱማ አለ፣ ግን...» አሏት። ግኑን አልሰማችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ «ማን አወጣው?» አለች። «አንዲት ልብስ አጣቢ» ሲሏት፣ «እጇን የምስምበት ቀን ይስጠኝ» አለች። በሌላ ቀን ገመዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ልታመጣው መንገድ ገባች። ወሬኛው ሰውማ አሁንም ስለ ክህደት እያወራ ነው።

እንግዲህ እንድሪስ፣ ቆፋሪው ዘይነባህ ናት። ገመዱ ያ የሥራ ፈቃድ የምትሉት ወረቀት ነው፤ በአንድ ሰው ስም ብቻ የተጻፈው፣ ከእሱ ቤት ስትወጪ ከአገሩም ወጥተሻል የሚለው። ተጠቅልሎ መኝታ ቤት የተቆለፈው ገመድ ፓስፖርቷ ነው። ሰውዬው ሲቀጥራት እንደ አባት እይዛታለሁ ብሎህ ነበር? እኔ እንደሰማሁት ለደላላው «እሺ፣ ላካት» ነው ያለው። ልጅህ ግን በአደራ ወጣሁ ብላ ነው የሄደችው፤ አንተ እንዲህ አድርገህ ስላሳደግካት። እንቅልፍ ከልክሏት፣ ደሞዟን ይዞባት፣ በር ቆልፎባት ሳለ እንኳ ያን ያህል ጊዜ የቆየችው ለምን ይመስልሃል? አንተን ላለማሳፈር ነው። ስትወጣ አልከዳችም። የከዳው ገመዱን ይዞ ያልያዛት ነው።

ልብስ አጣቢዋን ደግሞ አላውቃትም፤ አሁን ልጅህን በአንዲት ጠባብ ክፍል ያስጠጓት የእኛው አገር ልጆች ናቸው ብለውኛል። አላህ ይጠብቃቸው።

ቀሪው አንተ ነህ። ቅር አይበልህና፣ ከአጥሩ ወዲያ ከቆሙት ጋር ቆመህ ነው ያገኘሁህ። ከሃዲ ናት ወይ ብለህ መጣህ፤ ደህና ናት ወይ አላልክም። ትናንት ልጅቷ ስትደውል ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጥቀህ ዘግተኸዋል አሉ። አታልቅስ፣ አብሽር። አባት ነህ፣ አፍረህ ነው፤ ማፈርህን አውቃለሁ። ግን ከአገሯ የቀራት አንድ የድምፅ ገመድ ያ ስልክ ነው፣ ጫፉም ያለው አንተ ኪስ ውስጥ ነው።

በል አውጣው። እዚሁ ፊቴ ደውልላት። ለምን ወጣሽ አትበላት፤ ሰው ምን ይላልም አትበላት። በልተሻል ወይ በላት።